የተነከሱት ጣቶች

የኦርፋ ዴትዋይለር ቤት የባቡር ሐዲዱን ተጠግቶ የተሠራ ነው። የከሰል ባቡር ባለፈ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ያን ጊዜ በፊት ለፊቱ ክፍል መደርደሪያ ላይ ከተጋደሙት አሻንጉሊቶች አንዳንዶቹ ያቃስታሉ። ደረታቸው ውስጥ ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ሣጥን አለ፤ ልጅ አንሥታ ስታዘነብላቸው እንዲያለቅሱ ተብሎ የተሠራ። እነሱ ግን ባቡሩን ከልጅ አይለዩትም። አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች፤ የመጨረሻው ፉርጎ ካለፈ በኋላም አንዷ ብቻዋን ስታቃስት ትቀራለች።

ባሏ ሃርላን በሕይወት ሳለ "ልጆችሽ ራባቸው" ይላት ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ የሚላት ሰው ስለሌለ ራሷ ለራሷ ትለዋለች፤ እኔ ከመንገዱ ማዶ ስለሆንኩ መስኮቴ ክፍት ከሆነ እሰማታለሁ። ልጅ አልወለዱም። የሰፈሩ ልጆች ደጇ ሲደርሱ ወደ ማዶ ይሻገራሉ፤ መስኮቷ ላይ ዓይናቸው የወለቀ ራሶች ተደርድረዋልና። ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷን የሚያውቁት ግን በነዚያ ራሶች ፊት አልፈው በሯን ያንኳኩ ሰዎች ብቻ ናቸው።

በወጣትነቷ ወንዙ ዳር በነበረው ፋብሪካ የሸክላ ሳህን ጠርዝ ላይ ወርቃማ መስመር ትቀባ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ እጇ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልቻለም። የጎረቤት አሻንጉሊት አፍንጫ ጠገነች፣ ቀጥሎ የሌላ ሰው፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ቤቱ ሞላ። ከሁሉ የምትወዳቸው ከሰጋቱራና ከሙጫ ተቦክተው በብረት ቅርጽ የተጋገሩትን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፕላስቲክ እስኪመጣ ድረስ በእኛ አገር የድሃ ልጅ ሁሉ እነሱን ታቅፎ ነው ያደገው። ውሃ ከነካቸው ይሟሟሉ። ጣሪያ ሥር ከከረሙ ደግሞ ፊታቸው እንደ ደረቀ ኩሬ ይሰነጣጠቃል። ኦርፋ በጥፍሯ ጫፍ ስንጥቁን እየተከተለች ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ስትቀመጥ አይቻለሁ፤ የሚያነብ ሰው ትመስላለች።

በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ የከተማችን የአሻንጉሊት ማኅበር በሉተራኑ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ይሰበሰባል። ሴቶቹ የድንች ሰላጣ፣ ኑድል በዶሮና ኬክ ይዘው ይመጣሉ፤ ከምሳ በኋላ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተሠራ ያልታወቀ አሻንጉሊት ያላት ጠረጴዛው ላይ ታወጣለች። መጀመሪያ ልብሱ ይወልቃል። ልብስ ይዋሻል ይላሉ፤ እናት ከአሮጌ መጋረጃ ትሰፋለች፣ ነጋዴ የአንዱን ለሌላው ያለብሳል። ራቁቱን የቀረው አሻንጉሊት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ እያንዳንዷ ማጅራቱ ላይ የታተመውን ታያለች፣ ዓይኑን ትከድናለች፣ ትገልጣለች፣ ሆዱን ትጫናለች፣ ከዚያ ዓመት ትናገራለች። ኦርፋ የመጨረሻዋ ናት። ከእሷ በኋላ ማንም አይናገርም።

አንድ ጊዜ የማኅበሩ ሊቀመንበር ዊልማ ስታውት፣ "ኦርፋ፣ እኔንም አስወልቀሽ ዕድሜዬን እንዳትነግሪያቸው" አለቻት።

"ማስወለቅ ምን ያደርጋል፤ ማጅራትሽን ካየሁ ይበቃኛል።"

"ማጅራቴ ላይ ምን ተጽፎበታል?"

"ጽሑፉማ ከጠፋ ቆየ። መጥፋቱ ነው የሚናገረው።"

ሴቶቹ እስኪያስላቸው ሳቁ። ዊልማም ሳቀች፤ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ሳትረሳ በልቧ የምታስቀምጥ ሴት ናት።

ሉኤላ የመጣችው በ1987 በኅዳር ወር፣ አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። መኪናዋን አቁማ ሳትወርድ ብዙ ቆየች። ስትወርድ የታቀፈችውን አይቼ የተኛ ልጅ መስሎኝ ነበር፤ ጭንቅላቱ በትከሻዋ በኩል ብቅ ብሏል። ከዚህ በኋላ የሆነውን በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ያጫወተችኝ ራሷ ኦርፋ ናት።

"ሚስስ ዴትዋይለር፣ የአይዳ ክሬንሾ ልጅ ነኝ" አለች ሴትዮዋ በሩ ላይ። "ሉኤላ። እናቴ ትናንት አረፈች።"

አይዳን ኦርፋ በዓይን ታውቃታለች። በቤተ ክርስቲያን የመጨረሻው ወንበር ጫፍ ላይ ብቻዋን የምትቀመጥ፣ ሲጨብጧት እጇን ሰጥታ ፊቷን የማትሰጥ ሴት ነበረች።

"እግዜር ያጽናሽ። ግቢ፣ ይበርድሻል።"

ሉኤላ ገባች፤ የታቀፈችውን ግን አላስቀመጠችም። "ልትሞት ስትል ‘ሕፃኗን ከጎኔ አድርጊልኝ’ አለችኝ። ይቺን ነው። ሣጥን ውስጥ ቆልፋባት ነው የኖረችው፤ ቁልፉ አንገቷ ላይ ነበር። ትናንት ነው መጀመሪያ ያየኋት።"

"ታዲያ አድርጊላታ። እኔ ምን ልሥራልሽ?"

"የማን እንደሆነች ካላወቅሁ አላደርግም።"

ኦርፋ ወንበር ሳበችላት። ሉኤላ ከመወለዷ በፊት ኔቫ የምትባል እኅት ነበረቻት፤ በ1927 ክረምት ተወልዳ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ሉኤላ የተወለደችው በ1930 ነው።

"ትንሽ ልጅ ሆኜ አሻንጉሊት ነበረችኝ" አለች። "ሲያዘነብሏት ታለቅስ ነበር። አንድ ቀን ስነቃ አጠገቤ የለችም። እናቴን ብጠይቃት በዚህ ቤት አሻንጉሊት ኖሮ አያውቅም አለችኝ። ካገባሁም በኋላ ጠየቅኋት፤ ባለፈው ወርም ጠየቅኋት። ሕልም ነው ያየሽው ትለኛለች።"

"ምናልባት ሕልም ይሆናላ።"

"እሱን ነው ይንገሩኝ የምልዎት። ለኔቫ የተገዛች ከሆነች የኔቫ ናት፤ ሐሙስ ከእናቴ ጋር እቀብራታለሁ፣ እኔም ሕልሜን እተዋለሁ። እኔ ከተወለድኩ በኋላ የተሠራች ከሆነች ግን የእኔ ናት። ከእኔ ወስዳ ለሞተችው ሰጥታብኛለች ማለት ነው። ያኔ አልሰጣትም፤ ሬሳ ቢለምነኝም አልሰጣትም።"

ለኦርፋ ጥያቄው ቀላል ነበር። ሦስት ዓመት የሚያህል ልዩነት በመዳፏ ዳሰስ አድርጋ ታውቀዋለች። "አምጪያት፣ ላስወልቃት" አለች።

ልብሱ አላልቅ አለ። ከላይ ሰፊ ሰማያዊ የሱፍ ቀሚስ አለ፤ እጅጌው ከአሻንጉሊቷ እግር አልፎ ይንጠለጠላል። ከሥሩ ሌላ፣ ትንሽ ጠበብ ያለ። ከእሱ ሥር ሌላ። ሰዎች ብልና ብርድ እንዳይገባ በእጃቸው በተገኘ ጨርቅ ሁሉ ሲጠቀልሉ ኦርፋ ስላየች፣ እንደዚያ ቆጠረችው። እጇ በልምድ እያወለቀ ወለሉ ላይ ወዳለው ቅርጫት ይጥላል፤ ዓይኗ ማጅራቱን ይፈልጋል። መጨረሻ ላይ ከገላዋ ጋር በሁለት ስፌት የተያዘ ስስ የውስጥ ልብስ አገኘች። በመቀስ ቀጭ ቀጭ አድርጋ እሱንም ወረወረችው።

አሻንጉሊቷ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ስትወጣ የአራስ ልጅ ታህል ነበር። ገላዋ ጨርቅ፣ ራሷና እጅ እግሯ ሰጋቱራ። የቆርቆሮ ዓይኗ ዝጓል፤ አንደኛው ግማሽ ድረስ ተከድኖ ቀርቷል። የአንድ ጉንጯ ቀለም እስከ ቡናማው ድረስ ተልጧል፤ እንዲህ የሚልጠው መሳም ነው፣ ያውም የብዙ ዓመት መሳም። የግራ እጇ ጣቶች ተጎድተዋል።

ኦርፋ ማጅራቷን በእርሳስና በስስ ወረቀት ቀዳች፤ ሆዷን ጫን አድርጋ ጭዱ ሲንኮሻኮሽ ሰማች፤ እግሯን አወዛወዘች።

"ሃያ ስድስት። ቢበዛ ሃያ ሰባት።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ቁጥሩም፣ ጭዱም፣ የእግሯ አሰቃቀልም የዚያን ጊዜ ነው። በተናገርኩት ዓመት ተመልሼ አላውቅም።"

ሉኤላ ራሷን ነቀነቀች። "ሕልም ነው እንግዲህ" አለች። ቆይታ ደግሞ ሳቅ አለች፤ ኦርፋ ያንን ሳቅ አልወደደችውም። "ጣዕሙ ሳይቀር ትዝ ይለኛል እኮ። ጣቷን ስጎርሰው። ጨው ጨው የሚል፣ የሙጫ ጣዕም። ሕልም ጣዕም አለው እንዴ?"

ኦርፋ የዛገውን ዓይን በወረንጦ እየነካካች ነበር። "ይኖረዋል መሰለኝ" አለች፤ ምን እንደተባለች ልብ አላለችም። "እስከ ረቡዕ ተዪልኝ። እንዲህ ሆና አትቀበርም። ዓይኗን አበጃለሁ፣ እጇንም።"

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ሠራች። ዓይኑን አላቃ ዘይት ቀባችው። ከዚያ የአሻንጉሊቷን ግራ እጅ አነሣች፤ ጣቶቹ ላይ ከላይም ከታችም ትናንሽ ጎድጓዶች አሉ። እንዲህ ያለ በሺህ አይታለች። ስቱኮ በጥብጣ ደፈነቻቸው፣ አለሰለሰች፣ የቆዳውን ቀለም አመሳስላ ቀባች። የት ጋ እንደተጎዳ ራሷም እስክታጣው ድረስ አሳመረችው፤ ደስ አላት።

ባቡር አለፈ። መደርደሪያው እንደ ልማዱ አለቀሰ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ዝም አለች። ፉርጎዎቹ ርቀው፣ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ ግን ከደረቷ አንድ ነገር ወጣ። ልቅሶ አይደለም። ለረጅም ጊዜ የታፈነ ሰው ትንፋሹን ሲለቅ የሚሰማው ዓይነት ነው። ኦርፋ የሣጥኑ ቆዳ ተቀዶ እንደሆነ ታውቃለች። ታውቃለች፤ ግን ወንበሯን ትንሽ ወደኋላ ሳበች።

ዊልማ ስታውት ኑድል በድስት ይዛ የመጣችው ያኔ ነው። "ቤትሽ እንደ ሬሳ ቤት ቀዝቅዟል፤ ምድጃ አልተፈለሰፈም ብለውሻል?" እያለች ድስቱን አስቀመጠችና ቅርጫቱን በእግሯ ነካ አደረገችው። "ይሄ ሁሉ የማን ጨርቅ ነው?"

"የሷ።"

"ልጅቷ ሱቅ ልትከፍት ነው?" ዊልማ ጎንበስ ብላ አንድ ሁለቱን አነሣች፣ ጣለች። የውስጥ ልብሱ ላይ ስትደርስ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። "ኦርፋ፣ ዓመቷን ስንት ነው ያልሽው?"

"ሃያ ሰባት።"

"ንስሩ ሠላሳ አራት ነው የሚለኝ።"

በዚያ ሥራ በጠፋበት ክፉ ዘመን የመንግሥትን ደንብ የተቀበለ ፋብሪካ ሁሉ በሚሠራው ልብስ ላይ ሰማያዊ ንስር ያለበት ምልክት ይሰፋ ነበር። በ1933 ተጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ቀረ። የማኅበሩ ሴቶች ይህን ንስር እንደ ልጃቸው ፊት ያውቁታል።

"ልብስ ይዋሻል" አለች ኦርፋ።

"የተቀየረ ልብስ ይዋሻል። ይሄ ግን በፋብሪካ ክር ከገላዋ ጋር ተሰፍቶ ነበር። ይኸው፣ ግማሹ ክር እዚህ አለ፣ ግማሹ ሆዷ ላይ። ማን ቆረጠው?"

"እኔ።"

"ሳታዪ?"

"ሳላይ።"

ፋብሪካዎች የብረት ቅርጻቸውን እስኪያረጅ ድረስ ለዓመታት እንደሚሠሩበት፣ ማጅራት ላይ ያለው ቁጥርም የቅርጹን እንጂ የአሻንጉሊቱን ልደት እንደማይናገር ለነዊልማ ያስተማረቻቸው ኦርፋ ናት። ዊልማ ይህን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች። ሲመጣላት ግን የጓደኛዋን ፊት አየችና አልጣፈጣትም።

"የማን ናት?" አለች ዝግ ብላ።

ኦርፋ ነገረቻት።

"ንገሪያታ።"

"ሕልም ነው ብላ ተቀብላ ሄዳለች። ነገ ወስዳ ከነገ ወዲያ ትቀብራታለች። አሁን ሄጄ እናትሽ ቀምታሻለች ልበላት? የሞተችን ሴት?"

"እኔ ዛሬ ጠዋት ዳቦ ቤት አግኝቻታለሁ" አለች ዊልማ። "የተቀበለች አትመስልም። የካራሜል ኬክ ይዛ፣ ዋጋውን ሦስት ጊዜ ጠየቀች።" በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። "ለማኅበሩ አልናገርም። አንቺ ግን ለሷ ካልተናገርሽ፣ ቅዳሜ ዓመት ስትናገሪ ፊትሽን ማየት አልችልም።"

ከሄደች በኋላ ኦርፋ አሻንጉሊቷን አነሣች። ግራ እጇ ላይ ያለው ቀለም ገና አልደረቀም። ያኔ ነው የገባት። ኔቫ የሞተችው ጥርስ ሳታበቅል ነው።

ረቡዕ ጠዋት የአይዳ ቤት በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ጎረቤቶች የተጠበሰ የአሳማ ጭንና ባቄላ እያመጡ ወጥ ቤት ይደረድራሉ። ኦርፋ በአንድ እጇ አሻንጉሊቷን፣ በሌላው የልብሱን ከረጢት ይዛ ሉኤላን ፎቅ ላይ፣ በእናትየው መኝታ ቤት አገኘቻት።

"ተሳስቻለሁ" አለች ሳትቀመጥ። "የተሠራችው በሠላሳ ሦስትና በሠላሳ አምስት መካከል ነው። ለኔቫ ሊሆን አይችልም።" ንስሩን አሳየቻት።

ሉኤላ ጨርቁን በሁለት ጣቷ ይዛ አየችው። አላለቀሰችም። "ሌላውስ?" አለች ወደ ከረጢቱ እያየች።

"ልብሱን ቅደም ተከተሉን ሳልይዝ ነው የጣልኩት። ይቅር በይኝ። በመጠኑ ልንደረድረው እንችላለን።"

አልጋው ላይ ዘረጉት። ከትንሹ ጀመሩ፤ ሁሉም በእጅ የተሰፉ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ የሉኤላ እጅ ቆመ።

"ይሄ ትምህርት ቤት የጀመርኩ ቀን የለበስኩት ነው። ኪሱ ላይ ቼሪ አለ፤ ይኸው ቼሪው። ጠበበኝ ስላት ለቤተ ክርስቲያን ሣጥን ሰጠሁት አለችኝ።" ቀጣዩን ነካች። "ይሄን ለብሼ ከአጥር ወድቄ ነበር። ይሄ የፋሲካ ነው። ይሄም ለሣጥኑ ተሰጠ። ይሄም።" ሰማያዊው የሱፍ ቀሚስ ላይ ደረሰች። "ይሄ የመጨረሻው ነው። ከዚህ በኋላ እሷ ሰፍታልኝ አታውቅም፤ ራሴ ነው የሰፋሁት።"

ልብሶቹ አልጋው ላይ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተሰልፈው አንዲት ልጅ እያደገች የምትሄድ ይመስሉ ነበር፤ ልጅቷ ግን የለችም።

"ሰው ቤት የትልቋ ልብስ ለትንሿ ይወርዳል" አለች ሉኤላ። "እኛ ቤት ግን የእኔ ነው ለትልቋ የሄደው። እኔ በጠበበኝ ቁጥር ኔቫ አንድ ዓመት ታድግ ነበር።"

ከታች ሰው ሳቀ፤ ሳህን ተንኳኳ።

"ሌላም አለ" አለች ኦርፋ። "ግራ እጇ ላይ የጥርስ ምልክት ነበረ። ትንሽ ጥርስ። ደፈንኩት።"

"ለምን?"

"ጉዳት ሳይ እጄ ሌላ ሥራ አያውቅም።"

ሉኤላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣች። ድምፅዋን ግን አላነሣችም። "እናቴ አልነበረም አለችኝ። አንቺም መጥተሽ እንዳልነበረ አደረግሽው" አለች፤ እርስዎ ማለቱን ትታዋለች። "የምትችዪ እንደሆነ መልሰሽ አውጪው።"

ከኦርፋ ቦርሳ ትንሽ ቢላ አይጠፋም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትናንት ያሳመረችውን መፋቅ ጀመረች። ስቱኮው ውስጡ ገና ለስላሳ ነበር፤ በቁራጭ በቁራጭ እየተነሣ ጉልበቷ ላይ ይወድቃል። የጠቋሚው ጣት ጎድጓዶች ወጡ፤ እንደ በፊቱ ጥርት ያሉ ባይሆኑም ወጡ። የራሷን ሥራ ስታፈርስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሉኤላ እጁን ወሰደችና ወደ አፏ አስጠጋችው። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ጥቁር የሐዘን ልብስ ለብሳለች፤ የአሻንጉሊት ጣት በጥርሷ መካከል አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። አሻንጉሊቷ ዘንበል ስትል የተበጀው የቆርቆሮ ዓይኗ አብሮ ተከደነ። ኦርፋ ማየት ስላልቻለች ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች፤ እዚያ ደግሞ አይዳ ራሷ በፍሬም ውስጥ ሆና ታያታለች።

"ነው" አለች ሉኤላ በመጨረሻ።

ሐሙስ ዕለት እኔም ከሰው ጋር ወደ ቀብሩ ሄጄ ነበር። ሣጥኑ ክፍት ነው፤ አይዳ ግራጫ ልብሷን ለብሳ ተጋድማለች። ሉኤላ ከረጢት ይዛ ቀረበች። ሌሊቱን አንዱን በሌላው ውስጥ፣ ትንሹን በትልቁ እየከተተች፣ እያንዳንዱን እየቆለፈች ስትደራርባቸው ያደረችው ልብሶች ናቸው፤ ከላይ ሰማያዊው ሱፍ አለ። በእናቷ ክንድ ውስጥ አስተኛቻቸው፤ የእናቷን እጅ አንሥታ ከላይ ደረበችው። ከአንገትጌው በላይ ምንም የለም። እጅጌዎቹ ጠፍጣፋ ናቸው። ሆኖም ደረቱ በተደራረበው ጨርቅ ነፍቶ ስለነበር ከኋላ ወንበር ለሚያይ ሰው አንድ ልጅ የተኛች ይመስላል።

ዊልማ ወደ ኦርፋ ጠጋ ብላ "አስገባቻት?" አለች።

"ባዶ ነው።"

"ምኑ?"

"ልብሱ። እናትየው ለኔቫ የሰፋችው ስላልነበረ፣ ሉኤላ አሁን የራሷን ሰጠቻት።"

ክዳኑ ሲወርድ አንደኛው እጅጌ ጫፉ ወደ ውጭ ቀርቶ ነበር፤ የቀብር አስፈጻሚው በጣቱ ገፋ አድርጎ አስገባው።

ከመቃብሩ መልስ ኦርፋ ወደ ሉኤላ መኪና ሄደች። አሻንጉሊቷ ከሾፌሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ናት፤ ከዚያች ስስ የውስጥ ልብስ ሌላ ምንም አልለበሰችም፤ የተፋቀው ጣቷ በግልጽ ይታያል።

"ምን ላልብሳት?" አለች ሉኤላ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ። ከልቧ ነው የምትጠይቀው።

"እኔ ማስወለቅ እንጂ ማልበስ አልተማርኩም" አለች ኦርፋ።

ሉኤላ ትንሽ አሰበች። የሐዘን ሻርፗን ከአንገቷ ፈታች፣ አሻንጉሊቷን ጠቀለለችበት፤ ከዚያ ሞተሩን አስነሥታ በኮረብታው መንገድ ዝግ ብላ ወረደች።